አለሽወይ ኮረብታ

ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ሁለተኛውን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ አንዲት ኮረብታ አለች፤ ስሟ አለሽወይ ይባላል። ማሽላ በሚያፈራበት ወራት እዚያ የደረሰ እንግዳ የሰፈሩን ሰው ጤና ይጠራጠራል። ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቅ ልጅ «አለሽ ወይ?» ብሎ ሲጮህ፣ አጥር የሚያጥረውም ወፍጮ ላይ ያለችውም ከያሉበት «አለሁ!» ይላሉ። የሚሰዳደቡ ጠበኞች እንኳ ስድባቸውን ገታ አድርገው ይመልሱና ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ አገሩ ገና ጫካ ሳለ መጀመሪያ የሰፈረበት፣ ደጋ ላይ መሬት የጠበበው ቢያድግልኝ የተባለ ሰው ነው። ዘመዶቹ «የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ» ቢሉት አልሰማ ብሎ፣ ሚስቱን አንጓችን፣ ልጁን ጠጂቱንና ገና የሚታዘል ሕፃን ይዞ ወረደ። የጠጂቱን ዕድሜ አንዱ ሰባት፣ ሌላው ዘጠኝ ይለዋል፤ በዚህ ሲከራከሩ ታሪኩ ስንት ጊዜ ተቋርጦብኛል። ያም ሆነ ይህ ልጅ ነበረች። ጎህ ሲቀድ ከወንዝ ውሃ ትቀዳለች፣ እናቷ ስትፈጭ ሕፃኑን ታዝላለች፣ ትንኝ ለማባረር የሚጨስ እበት ትለቅማለች፤ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ደግሞ ወንጭፏን ይዛ ማማ ላይ ትውላለች። ጎረቤት የሚባል የለም። ብቻዋን ስትፈራ «እምዬ፣ አለሽ ወይ?» ትላለች፤ እናቷም ከጎጆው «አለሁ ልጄ!» ትላታለች። ቀኑን የሚገፉት በዚህ ነበር።

አዝመራው ሲደርስ ቢያድግልኝ ለአጨዳው ደቦ ሊለምን ወደ ደጋ ወጣ። በሄደ በአምስተኛው ቀን አንጓችን ንዳድ ጣላት። ጠጂቱ አጠገቧ ልቀመጥ ብትል እናቷ ተቆጣች ይባላል።

«ሂጂ፣ ማማሽ ላይ ውጪ። እኔ ተሸፋፍኜ ስተኛ ያልበኛል፣ ይለቀኛል። ግሪሳ ከወረደበት ግን እስከ ከርሞ ምን ልንበላ ነው? ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዳትወርጂ።»

ልጅቱ ወጣች። ጠዋት ስትጣራ መልሱ መጣ፤ ረፋዱ ላይም መጣ፣ ግን ቀጥኖ። እኩለ ቀን ላይ ግሪሳው ሰማዩን ሸፍኖ ደረሰ፤ ጠጂቱ እየወነጨፈች «አለሽ ወይ?» ብትል መልስ አጣች። ተኝታ ይሆናል አለች። ደግማ ጠራች። አንድ እግሯን ከማማው አወረደች፤ ወፉ ማሳው ጥግ ላይ ሲያርፍ አየችና መልሳ ወጣች። ድንጋዩ ሲያልቅባት ቀሚሷን አውልቃ እያውለበለበች ጮኸች። ምን ታድርግ? ብትወርድ የዓመት ቀለባቸው ነው፣ ብትቀር እናቷ ናት። 

ፀሐይ ስትጠልቅ ሮጣ ወረደች። አንጓች ባዶ ቅል እንደያዘች ደጃፉ ላይ ወድቃ ነበር፤ ሰውነቷ ቀዝቅዟል። ሕፃኑ ከኋላዋ ያለቅሳል።

ቢያድግልኝ የደቦውን ሰዎች አስከትሎ የመጣው በማግስቱ ነው። ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ ጠጂቱን ማማው ላይ አያት፤ ወንድሟን አዝላ ትወነጭፋለች።

«ጠጂ! ማሽላው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባዬ፤ ወፍ አላስነካሁትም።»

«እናትሽስ?»

ጠጂቱ ሌላ ድንጋይ ወንጭፏ ላይ አስገብታ ወነጨፈች ይባላል።

ለአጨዳ የመጡት ሰዎች አስቀድመው መቃብር ቆፈሩ። ማሽላውም በዚያ ዓመት ከጠበቁት በላይ ሰጠ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ከደቦው ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለቱን ልጆች እንዲያ ጥለው መመለስ አልሆንላቸው ብሎ እዚያው ጎጆ ቀለሱ። ሰፈሩ የቆመው እንዲህ ነው።

ዛሬ በአለሽወይ ልጅ ማማ ላይ ሲወጣ እናቱ የምታስይዘው ቃል አለ፦ «ሦስት ጊዜ ጠርተህ የእኔን መልስ ካጣህ ወፍ ይብላው፣ ውረድ።» እንዲህ ሆኖ እህሉን ወፍ የበላበትን ቤት ሰፈሩ ከየጎተራው ይደግፋል፤ ልጁን የሚቆጣ የለም። ለምን ሦስት ጊዜ እንደሆነ ሽማግሌዎቹን ጠይቄ ነበር። ስንት ጊዜ መጥራት እንደሚበቃ ጠጂቱ ራሷ አርጅታ ሳለች ተጠይቃ፣ ሦስት ይበቃል ብላለች አሉኝ። እሷ ግን የጠራችው ቀኑን ሙሉ ነበር።