የሒክመት ክፍል ወሰን

እኛ ሰፈር፣ ሰው በትንሽ ነገር ሲጨቃጨቅ ዋናው ካመለጠው የሚባል ነገር አለ። የዛሬ ልጆች ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ይሉታል። የመጣው ከጎረቤቴ ከእንድሪስ ቤት ነው፤ እዚያ ስለነበርኩ አውቃለሁ።

እንድሪስና ሚስቱ ለይላ ሒክመት የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። ከተወለደች ጀምሮ የምትተኛው በሁለቱ መሃል ነው። ደግሞ ትራገጣለች። እንድሪስ ከአልጋ መውደቅ ለምዶ ነበር።

"ክፍል ቀብተን እንሰጥሻለን፣ እዚያ ተኚልን" ብለው ለመኗት።

"ዛሬ ካለቀ እሺ" አለች። "ካላለቀ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ።"

እንድሪስ ሰማያዊ ይሁን አለ፤ ለይላ ብርቱካንማ። አልተስማሙም። ሁለቱም ቀለም ተገዛና ከበሩ ግራና ቀኝ ተነስተው መቀባት ጀመሩ። ባልና ሚስት የቀለም ሩሎ ይዘው እንደዚያ ሲሽቀዳደሙ አይቼ አላውቅም። ጎረቤቱ መስኮቱ ላይ ተሰብስቦ "በርታ እንድሪስ!"፣ "ለይላ፣ እንዳትበለጪ!" ይላል። የእንድሪስ ጢም ሰማያዊ ሆነ።

ሁለቱ ቀለሞች ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ መሃል ተገናኙ። አለቀ ስንል ለይላ ውሃ ልትጠጣ ወጣች። ስትመለስ ሰማያዊው አንድ ስንዝር ወደሷ ገብቷል።

"ወሰን ገፋህ!"

"ወላሂ አልገፋሁም፣ ቀለሙ ፈሶ ነው።"

"ወደ ጎን የሚፈስ ቀለም የት አገር አየህ?"

እሷም ሁለት ስንዝር ገፋች። እሱ መለሰ። እሷ ደገመች። መሃሉ እበት የመሰለ ቀለም አወጣ።

በመጨረሻ የእርሻ ወሰን የሚዳኙት ሽማግሌ፣ ጋሽ ይማም፣ ተጠሩ። እንደ ማሳ ገመድ አስዘርግተው ግድግዳውን ለኩ።

"ምስክር አለ?"

መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አወጣ። እኔ አላወጣሁም፤ ሁለቱም ሲገፉ አይቻለሁ።

ምስክሩ፣ መሐላው፣ ሳቁ እስከ አመሻሹ ሄደ። ጋሽ ይማም መሃሉ ላይ ምልክት አድርገው፣ "በቃ፣ ታርቃችኋል። አሁን ልጅቱ መጥታ ክፍሏን ትይ" አሉ።

ሒክመት የለችም። ስንፈልግ የወላጆቿ መኝታ ቤት አገኘናት። ልብሷንና አሻንጉሊቶቿን በሙሉ አግዛ፣ ሰፊው አልጋ ላይ እጅ እግሯን ዘርግታ ተጋድማለች። የእናትና የአባቷን ትራሶች ከበሩ ውጭ አስቀምጣቸዋለች።

"ተነሽ እንጂ ልጄ፣ ክፍልሽ እኮ አለቀ" አለ እንድሪስ።

"ሳትጨርሱ ሐሳቤን ቀየርኩ። አባዬ በሰማያዊው በኩል ተኛ፣ እማዬ በብርቱካኑ። ወሰን እንዳትገፉ!"

ለይላ ግድግዳ ተደግፋ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ ልብሷ ላይ ያለው ቀለም ግድግዳው ላይ ታተመ። እንድሪስ ሰማያዊ ጢሙን ይዞ ልጁን ያያል። ጋሽ ይማም ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ወደ እኛ ዞሩና እንዲህ አሉ፦ "ግድግዳ ሲካፈሉ አልጋ ተነጠቁ።"