የባላምባራስ ጓንጉል ሊትር

ድግስ ላይ ነገር የሚያንዛዛ ሰው ሲገጥማቸው ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ወጣቱ ሰምቶ ይስቃል እንጂ መነሻዋን አያውቅም። መነሻዋ የባላምባራስ ጓንጉል ጣሳ ናት።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ወጥቶ እንግሊዝ በገባበት ሰሞን ነው። ጣልያን ሊትሩን ጥሎ ሄደ፤ እንግሊዝ ደግሞ ጋሎኑን ይዞ መጣ። ሕዝቡ በለመደው እንስራና ገንቦ ቢኖር ምን በጎደለበት! ባላምባራስ ግን አንድ የሊትር ጣሳ እጃቸው ገብታ ነበርና፣ ወተቱም ዘይቱም በእሷ ካልተሰፈረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ልጃቸው ስንዱ ስትታጭም ሽማግሌ ፊት፣ "ከወንዱ ወገን ሃምሳ ሊትር ጠጅ ይምጣልኝ" ብለው ቃል አስገቡ። ወደው አይደለም። በዚያ ዓመት ንቦቻቸው ቀፎውን ጥለው ተሰደው ቤታቸው የማር ጠብታ አልነበረም። ይህን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘርትሁን በቀር የሚያውቅ የለም። አገሩን ሁሉ ጠርተዋልና ያ ጠጅ ከቀረ መዋረዳቸው ነው።

የሰርጉ ዕለት የሙሽራው አባት አቶ ልሳነወርቅ ጠጁን በሦስት እንስራ አሸክመው፣ ሙሽራውንና ሚዜዎቹን አስከትለው ደረሱ። እሳቸው የእንግሊዞች ሾፌር ነበሩ። የሴት ወገን እንደ ወጉ በሩን ዘግቶ "አናስገባም!" ይላል። ባላምባራስ ጣሳቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

"ስንት አመጣችሁ?"

"አስራ አንድ ጋሎን።"

"እኔ ያልኩት ሃምሳ ነው!"

"አስራ አንድ ጋሎን ማለት እኮ ሃምሳ ሊትር ነው፣ ባላምባራስ። አንዱ ጋሎን አራት ሊትር ተኩል ይይዛል፤ እንዲያውም ትንሽ ያልፋል።"

ሃምሳ ሲጠብቁ አስራ አንድ የሰሙት ባላምባራስ ጣሳቸውን ወደ ፊት ዘረጉ።

"ይሰፈር!" አሉ።

አቶ ልሳነወርቅ የጋሎን ቆርቆሮ አስመጡ። "ቤንዚን አልነካውም፣ እናቴ ትሙት!" ብለው ማሉና በጠጅ አስሞልተው ወደ ሊትሩ አስገለበጡት። አራት ጊዜ ሞላ፤ አምስተኛው ከግማሽ ትንሽ አለፈ።

"ይኸው፣ አራት ተኩል!"

"አራቱን አይቻለሁ" አሉ ባላምባራስ። "ተኩሉ አረፋ ነው።"

አረፋው እስኪወርድ ተጠበቀ። አረፋው ወረደ፤ ጠጁ ግን እዚያው ነው።

"ይኼኛው ሞላ እንበል። የቀረው እንዲሁ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁሉም ይሰፈር!"

ጣጣውን ያመጣው እንግዲህ ወጉ ነው። ጠጅ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥ አሳላፊው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ካልቀመሰ መርዝ ጨምሯል ተብሎ ይጠረጠራል። ከሴት ወገን ዘገየ፣ ከወንድ ወገን ሞላልኝ የሚባሉ አሳላፊዎች ቆመዋል፤ አንዱ ሲቀምስ ሌላው መቅረቱ ደግሞ ለወገኑ ውርደት ነው። በየሊትሩ ሁለት መዳፍ ጠጅ ወረደ። ጥቂት እንደተሰፈረ ሞላልኝ፣ "ጌቶቼ፣ በመዳፍ የቀመሰ ሰው ምን ብሎ ይመሰክራል? ብርሌ ይምጣልን" አለ። እውነቱን ነው ተባለና ብርሌ መጣላቸው።

"ስንት ደረስን?" ሲሉ ባላምባራስ ጠየቁ።

"ሃያ ሁለት" አለ ዘገየ።

"ሠላሳ አንድ" አለ ሞላልኝ፣ ዓይኑ እየተስለመለመ።

"ወደ እንስራው መልሱና እንደገና ቁጠሩ!"

መለሱት። መመለሱም ከዕቃ ወደ ዕቃ ነውና ቀመሱ። ሁለተኛው ቆጠራ ሲያልቅ ጠጁ ሃያ ሊትር እንኳን አልሞላም። ባላምባራስ በደስታ ዘለሉ።

"አላልኩም? እንኳን ሃምሳ ሃያም የለውም! ሊሸውዱኝ ነበር!"

አቶ ልሳነወርቅ ደማቸው ፈላ። "እንግዲያው በእኔ ጋሎን ይሰፈር!" አሉ። ሚዜዎቹም "እኛም ምስክር ነን" እያሉ ብርሌያቸውን ይዘው ተሰለፉ።

ይሄኔ ወይዘሮ ዘርትሁን በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። "ኧረ ባላምባራስ፣ እንግዳው ዳሱ ውስጥ ጉሮሮው ደረቀ! የሞላውን ያህል ይሙላ፣ ያስገቡት እንጂ!"

"ቆይ ሴትዮ፣ ሒሳብ ላይ ነን!"

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ዘገየ የመጨረሻውን እንስራ ቁልቁል ደፋው። ምንም አልወረደም። ሞላልኝ ሞቅ ብሎት እጅ ነሣ።

"እንኳን ደስ ያላችሁ! ሊትሩና ጋሎኑ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው።"

ባላምባራስ እንስራው ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው አዩ። አንገታቸውን ሲያወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። ቃል ያስገቡበት ጠጅ በሙሉ መጥቶላቸው፣ ያስጨረሱት ራሳቸው ናቸው።

በሩ ተከፈተ። ዳሱ ውስጥ ያለው እንግዳ ሙሽራውን ሲያይ እልልታውን አቀለጠው፤ "ጠጁ መጣ!" እያለም ባዶ ብርሌውን ወደ ላይ አነሣ። ባላምባራስ ጣሳቸውን ከኋላቸው ደብቀው፣ ቀኑን ሙሉ በዳኝነት ደጃፍ ተቀምጠው አንድም ሰው ይቅመሱ ወዳላላቸው ወደ አለቃ ወልደ ሐና ዞሩ።

"አለቃ፣ በእግዚአብሔር፣ ለእንግዳው አንድ ነገር ይበሉልኝ።"

አለቃም የደረቀ ከንፈራቸውን አርጥበው ወደ ዳሱ መሐል ገቡና፣ "ወገኖቼ፣ ብርሌያችሁን አስቀምጡ፤ ሲሰፍሩት የዋለ ጠጅ፣ ያልቃል ከደጅ" አሉ።