የእንጉዳይ ጠገራ ብር

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ወረቀት ለክታብ እንጂ ለገበያ በማይውልበት ጊዜ፣ ቢሻው የሚባል ብር መርማሪ ነበር። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ መገፋፋቱን ተዉና ስሙ። ቢሻው ሐቀኛ ነው፤ ጉቦ አይበላም፤ ግን በሐቀኝነቱ ይኮራ ነበር። ኩራት ደግሞ ከሐቅ ጋር ሲውል ክፉ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ዳር፣ ከሾላው ሥር ይቀመጣል። በቅሎ የሸጠ፣ ማር የሸጠ፣ ጨው የሸጠ ሁሉ የተቀበለውን ጠገራ ብር ይዞ ይሰለፋል። ቢሻው መጀመሪያ ብሩን በጥቁር ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን ይሰማል። ቀጥሎ በብሩ ላይ በተቀረጸችው ሴትዮ ራስ ላይ ያሉትን ዘጠኝ ነጥቦች በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። መጨረሻ ላይ የትከሻዋን ጌጥ ያያል። በጆሮ፣ በጣት፣ በዓይን።

ያለፈውን “ሙሉ” ይላል። ያላለፈውን “ጎደሎ” ይልና ጠርዙን በካራ ይጭረዋል። እሱ የጫረው ብር በዚያ ገበያ ዶሮ እንኳ አይገዛም።

አንድ ደንብም ነበረው። የባለ ብሩን ፊት ቀና ብሎ አያይም፤ በፊቱም ማንም አይናገርም። ፊት ያየ ያዳላል፣ ወሬ የሰማ ይሳሳታል ይል ነበር። ሰውም እንዲህ ያለ ዳኛ ከየት ይገኛል እያለ ያመሰግነው ነበር።

ይህ ሰው እናቷ የሞተችባት አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እንጉዳይ ትባላለች። ከወንዙ ማዶ፣ ሦስት ቀን የሚያስኬድ አገር ተዳረች። የሰርጓ ዕለት በዕድሜው ካያቸው ብሮች ሁሉ የምትበልጠውን አውጥቶ በእጇ አኖረላት። ድምጿ እንደ ደወል ነው፤ ነጥቦቿም ዘጠኝ ሙሉ ናቸው።

“ልጄ፣ የጨነቀሽ ቀን ይህችን ላኪልኝ” አላት። “ሌላ ቃል አያስፈልግም። ባየኋት ሰዓት ተነሥቼ እመጣለሁ።”

ዓመት ሄደ፣ ዓመት መጣ። እንጉዳይ ወለደች፤ አባቴ ይምጡልኝ አለች፤ ቅዳሜን ለማን ትቼ አለ። ደግማ ወለደች፤ ይምጡልኝ አለች፤ ቅዳሜን ለማን ትቼ አለ። ቤት ሠራች፤ መጥተው ይመርቁልኝ አለች፤ ቅዳሜን ለማን ትቼ አለ። የወለደው ገበያውን ነው እንዴ ያሰኛል።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ አንድ መንገደኛ ከሰልፉ ገባ። የእንጉዳይ ባል ወንድም ታከለ ነበር፤ በሰርጉ ሚዜ ሆኖ ከቢሻው እጅ የጎረሰ ሰው። ቀና ብሎ ቢያየው ያውቀው ነበር። ቀና አላለም።

ታከለ ሊናገር አፉን ሲከፍት እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘው። ብሯን ጣል አደረጋት፤ አናቷ ላይ ተበስታለችና ድምጿ ሞቷል። ዳሰሳት፤ ከዘጠኙ አንድም ነጥብ አልቀረም። አያት፤ የትከሻው ጌጥ ልሙጥ ሆኗል።

“ጎደሎ” አለ፤ ጠርዟንም በካራ ጫረ።

ታከለ ደግመው ይዩልኝ ብሎ ለመነ። ቢሻው ሁለቴ አላይም አለና ቀጣዩን ጠራ።

ታከለስ ምን ያስብ? ይህን የሚያህል ብር ዐዋቂ በገዛ እጁ የሰጣትን ብር ይስታል ብሎ ማን ይገምታል? እንግዲህ አውቆ ልጁን መካዱ ነው አለና ዕንባውን እየዋጠ ተመለሰ።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሦስተኛው ታከለ ከል ለብሶ መጣ። አልተሰለፈም። ብሯን ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ አኖረ፤ የቢሻው እጅ ሲነሣም ዝም አላለም።

“አያ ቢሻው፣ ዛሬስ እናገራለሁ። ይህች ለእንጉዳይ የሰጧት ብር ናት። የበሳቻት እሷ ናት፤ በረሃቡ ዓመት እንዳትሸጣት ብላ ከማተቧ ጋር አሰረቻት። ነጥቦቹንም ያጠፋች እሷ ናት፤ እርስዎ በናፈቋት ቁጥር በጣቷ ታሻት ነበር። የትከሻውን ጌጥ የጨረሱት ልጆቿ ናቸው፤ ጡት ሲጠቡ ብሯን ጨብጠው ነው ያደጉት። የጠርዟን ጭረት ግን እርስዎ ያውቁታል።”

ቢሻው ቀና አለ። ሚዜውን አወቀው። የለበሰውንም ከል አየ።

“የት ናት?” አለ፣ እያወቀው።

“ታማ ነበር። አባቴ ብሬን ሲያይ ይመጣል ብላ በበሩ ትይዩ አስተኙኝ አለች። እኔ ብሯን ይዤ ብቻዬን ገባሁ። ጭረቱን ዳሰሰችው። ‘አባቴ ጎደሎ ናት ካለ ጎደሎ ናት፤ እሱ ተሳስቶ አያውቅም’ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።”

ቢሻው ተነሣ። ሰልፉን እንደቆመ ትቶ ሦስት ቀን ተጓዘ፤ የደረሰው ከመቃብር ነው። አለቀሰ፤ ግን የዘገየ ለቅሶ ማንን ይመልሳል? ገበያውማ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላ መርማሪ አገኘ።

ከልጆቿ ጋር እዚያው ቀረ። ብሯን አንገቱ ላይ አሰራት። ትንሿ የልጅ ልጁ ከጭኑ ተቀምጣ ወደ አፏ ስለምትወስዳት፣ ከንፈሯን እንዳይቆርጣት ብሎ ጠርዟን በአሸዋ ሲያሽ ይውል ነበር። ያ የሴትዮዋ ፊት ሁሉ ጠፋ፤ ጭረቱ ግን ቢሻው እስኪሞት ድረስ አልጠፋም።

ልጆቼ፣ የመጣላችሁን ነገር ከመመርመራችሁ በፊት ይዞት የመጣውን ሰው ቀና ብላችሁ እዩ። የእኔ ተረት እዚህ ላይ አረፈች። በሉ ተነሡ፤ እናት አባት ያላችሁ ሂዱና ፊታቸውን እዩ።