የትርንጎ ልጅ ክርስትና

በአንድ ወቅት፣ ወረቀት ብር ከሰው እጅ እየጠፋ አገሩ ሁሉ በስልክ መክፈል በጀመረበት ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ሽንኩርት ሻጭ ነበረች። ደንበኞቿ በስልክ ሲከፍሉ ገንዘቡ የሚገባው ባሏ ጓንጉል ስልክ ላይ ነው። ጓንጉል የጨው መግዣ ሳይቀር ቆጥሮ የሚጠይቅ፣ መልሷ ካልጣመው የሚማታ ሰው ነበር። ትርንጎ ስታረግዝ እሱ ቤት ላለመውለድ ቆረጠች። ባሏ ወደማያውቃት አክስቷ ዘንድ ልትሸሽ አሰበች፤ ግን አምስት ብር ብታነሳ ስልኩ ወዲያው ያሳብቅባታል።

ከጎኗ በርበሬ የምትሸጠው ብዙአየሁ መላ አመጣች። አንዳንድ ደንበኛ አሁንም በወረቀት ይከፍል ስለነበር፣ ትርንጎ ያንን እያቀበለቻት ብዙአየሁ ስድስት ወር ሙሉ ከጆንያዋ ሥር ደበቀችላት። የገዛ ልጇ ታሞ ሐኪም ቤት ሲተኛ እንኳ ተበደረች እንጂ አልነካችውም። «አደራ ነው» አለች።

የመንገዱ ቀን ደረሰ። ለካ አውቶቡሱ ወረቀት ብር አይቀበልም፣ ትኬት በስልክ ብቻ! ያን ያህል ጊዜ የተጠራቀመ ገንዘብ ታቅፋ መናኸሪያ ላይ ስታለቅስ አንጀት ትበላ ነበር። ልትሸኛት የመጣችው ጓደኛዋ ዘነቡ ትኬቱን በራሷ ስልክ፣ በራሷ ስም ቆረጠችላት። ስሟ ተመዝግቦ እንደሚቀር፣ ጓንጉልም ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ታውቃለች። «ወረቀቱን ለአራስነትሽ ያዢው። የእኔን ለእኔ ተይው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ዘነቡ በሯን በሦስት ቁልፍ ሳትዘጋ አታድርም።

ሙሉነሽ የተባለችው ግን ትርንጎን አታውቃትም፤ የአውቶቡሱ ትኬት ቢሮ ተቀጣሪ ናት። ጓንጉል በማግስቱ፣ ዘነቡ ትኬት ስትቆርጥ ያየ ሰው ነግሮት፣ በሯን ደብድቦ መልስ ሲያጣ ወደ ሙሉነሽ መጣ።

«ዘነቡ ትናንት የቆረጠችው ትኬት ወዴት ነው?»

«የተሳፋሪ ጉዳይ አይነገርም።»

«አለቃሽን ይዤ እመጣለሁ!» ብሎ ወጣ። ሙሉነሽ ፊቱን አይታለች፤ ሳይመለስ ያንን ትኬት ከመዝገቡ ሰረዘችው። መዝገብ አጠፋሽ ተብላ ከሥራዋ ተባረረች፤ እስከ ዛሬም ሥራ አላገኘችም።

ትርንጎ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሙሉነሽ ያደረገችላትንም ሰምታ ነበርና፣ ጓንጉል እንዳይደርስባት ሦስቱንም ሴቶች በስልክ ሳይሆን በሰው አፍ አስጠራቻቸው። ሰማንያው ቀን ሲሞላ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ቆሙ። ቄሱ «የክርስትና እናቷ ትቅረብ» አሉ። ትርንጎ ሦስቱን አየች፣ ልጇን አየች፣ እንባዋ መጣ። የክርስትና እናት አንዲት ብቻ ናት።

ቄሱ እየጠበቁ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ልጅቷን ክርስትና ማን ታንሳት?