ከጥር በፊት የታመመችው አትጠገብ

ነገር አለኝና ጆሯችሁን አውሱኝ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣችሁ። ውሸት ነው የሚል ካለ፣ በክረምት ይታመምና ይየው።

አትጠገብ የምትባል ሴት ነበረች። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከበደ፣ ጎርፉ ምንጩ ውስጥ ገባ፣ ሰፈሩ እንደየዓመቱ በተስቦ ተያዘ፣ አትጠገብም ተያዘች። ባሏ ምሕረቴ ጎረቤት ለምኖ፣ በቃሬዛ አሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሳት። ሐኪሙ አያትና፣ "መርፌ ትወጋ፤ ዛሬውኑ" አለ። ምሕረቴ ከዓለም ሁሉ የፈለገው ያቺን መርፌ ብቻ ነው።

መድኃኒት ቤት ሄደ። "እቴ፣ መርፌ ስጪኝ፤ አትጠገብ ትቃጠላለች።" መድኃኒት ቤት፣ "ብር ከሌለዎትና በጤና መድን ከሆነ ማኅተም ይፈልጋል፣ ጋሼ። ካርድ ክፍል ይምታልዎት" አለች።

ካርድ ክፍል ሄደ። "ወንድሜ፣ ማኅተም ምታልኝ። መድኃኒት ቤት መርፌ አልሰጥም አለች፣ አትጠገብ ትቃጠላለች።" ካርድ ክፍል የመድኑን መታወቂያ ገልበጥ አደረገና፣ "ይሄማ ሰኔ ላይ አልቋል። ባለቀ መድን ማኅተም አልመታም፤ ቀበሌ ያድስልዎት" አለ።

ቀበሌ ሄደ። "ልጄ፣ አድስልኝ። ካርድ ክፍል ማኅተም አልመታም አለ፣ መድኃኒት ቤት መርፌ አልሰጥም አለች፣ አትጠገብ ትቃጠላለች።"

"እድሳት በጥር ነው፣ እህል ሲገባ" አለ ቀበሌ። "ገበሬ ብር የሚይዘው ያኔ ነው ተብሎ፣ ለእናንተው ጥቅም የተደረገ ነው።"

"ለበሽታውስ ጥር ና ብላችሁ ነግራችሁታል?"

"እኔን ምን አድርግ ነው የሚሉኝ? አላድስም፤ ወረዳ ይፍቀድ።"

እስቲ ፍረዱ። መድኑ በሰኔ ያልቃል፣ በጥር ይታደሳል። በመሃሉ ምን አለ? ዝናብ አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ተስቦ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

ወረዳ ሄደ። "ጌታዬ፣ ይፍቀዱልኝ። ቀበሌ አላድስም አለ፣ ካርድ ክፍል ማኅተም አልመታም አለ፣ መድኃኒት ቤት መርፌ አልሰጥም አለች፣ አትጠገብ ትቃጠላለች።" ወረዳ ሻዩን እያማሰለ፣ "ላንድ ሰው ብዬ ወር አላዛውርም። ወቅት የማይጠብቅ እድር ብቻ ነው፤ እድርህን ጠይቅ" ብሎ ሳቀ።

ምሕረቴ አልሳቀም። በመንገዱ ቤተ ክርስቲያን ተሳለመና፣ "ጌታ ሆይ፣ አንተ በሰንበት እንኳ ፈውሰሃል፤ እነዚህ በነሐሴ እምቢ አሉኝ" ብሎ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ አያ ቢሻው ዘንድ ሄደ።

"አያ ቢሻው፣ እርዱኝ። ወረዳ ወር አላዛውርም አለ፣ ቀበሌ አላድስም አለ፣ ካርድ ክፍል ማኅተም አልመታም አለ፣ መድኃኒት ቤት መርፌ አልሰጥም አለች፣ አትጠገብ ትቃጠላለች።"

"እድር ለቀብር ነው፣ ልጄ። ጡሩምባዬም ሰው ሳይሞት አይነፋም።"

"ስትሞትብኝ ቢነፉስ ማን ይመጣል?"

"ማን ይቀራል? ከተማው አንድ እድር ነው። የቀረ ይቀጣል፤ በራሱ ቤት ሐዘን ሲገባም የሚቆምለት የለም። ወረዳ ይመጣል፣ ቀበሌ ይመጣል፣ ካርድ ክፍል ይመጣል፣ መድኃኒት ቤትም ትመጣለች።"

"ስትሞት ሁሉም ይመጣል። ሳትሞት አንድ ሰው ጠፋ።"

አያ ቢሻው ጡሩምባውን ከተሰቀለበት አወረዱ። "እግዜር ይቅር ይበለኝ" ብለው አትጠገብ በቃሬዛ ወደተኛችበት ጤና ጣቢያ ደጅ ሄዱና ነፉት።

ጡሩምባው ጮኸ፣ ወረዳ ሻዩን ትቶ ሮጠ፣ ቀበሌ ቢሮውን ዘግቶ ሮጠ፣ ካርድ ክፍል ማኅተሙን እንደያዘ ሮጠ፣ መድኃኒት ቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሮጠች። ከተማው ሁሉ ከኋላቸው ግልብጥ ብሎ መጣ።

"ማነው የሞተው?" አለ ወረዳ።

"ገና አልሞተችም" አሉ አያ ቢሻው። "በሉ፣ ለባሏ ያላችሁትን ለራሷ ንገሯት።"

አትጠገብ ከቃሬዛው ላይ ዓይኗን ገለጠች። "ለቀብሬ ነው?" አለች። "ፈጠናችሁ።"

ወረዳ መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል ደግሞ ሕዝቡ እሱን እሱን ያያል። ያኔ ወረዳ ፈቀደ፣ ቀበሌ አደሰ፣ ካርድ ክፍል ማኅተም መታ፣ መድኃኒት ቤት መርፌ ሰጠች፣ አትጠገብም ተወጋች።

ሕዝቡ ግን ከደጁ ንቅንቅ አላለም። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ወደፊት መጣች። "ጌታዬ፣ ለእኔም ጡሩምባ ይነፋልኝ ወይስ እንዲሁ ይፈቅዱልኛል?" አለች።

"ለሁሉም ተፈቅዷል" አለ ወረዳ።

እኔም ወሬዬን እዚህ ላይ አሳርፋለሁ። የታመመውን እግዜር ይማረው፤ ጥርን ጠብቅ ለሚለው ደግሞ ልብ ይስጠው።