የተበላሹት ፎቶዎች

አንድ ከተማ ውስጥ በሰርግ፣ በክርስትናና በምርቃት ፎቶ እያነሳች የምትተዳደር የውብዳር የምትባል ሴት ነበረች። ካሜራዋ ሌንሱ ተፈትቶ የሚቀየር ዲጂታል ካሜራ ነው፤ ግን ከዓይነቱ ትንሹ፣ የጀማሪ የሚባለው። ሌንሱም ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ የወጣው ነው። የውብዳር ሥራዋን በዚህ ካሜራ ተማረች፤ ስሟንም በእሱ አገኘች። አሁን ግን ከፍ ወዳለው መሸጋገር አማራት። አማራት ብቻ አይደለም፣ እንቅልፍ ነሳት!

ምክንያቱ ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ጋሽ ድንበሩ በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ ሲሆኑ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ስትዳር ፎቶ ያነሳችው የውብዳር ነበረች። መናፈሻው፣ መኪናው፣ አዳራሹ ሁሉ አምሮ ወጣ። ጉልበት ስሞሹ ግን ተበላሸ። ሙሽራዋ ከቤት ልትወጣ ስትል የአባቷን ጉልበት ስማ ስትመረቅ፣ የውብዳር በፍላሽ አነሳች፤ ጋሽ ድንበሩ ፍላሽ ሲበራ ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጋሉ። ያለ ፍላሽ ሞከረች፤ ቤቱ ጨለማ ነው፣ የሽማግሌው እጅም ይንቀጠቀጣል፣ ፊታቸውና እጃቸው ተደበላልቆ ወጣ። አልበሙ ሲመጣ ጋሽ ድንበሩ ገለጥ ገለጥ አደረጉና "የኔስ ፊት የታለ?" አሉ። አልተቆጡም። የውብዳርን የከነከናትም ይኸው አለመቆጣታቸው ነበር።

አሁን ደግሞ ትንሿ ልጃቸው ትርሲት ልትዳር ነው። ዘመዶቿ "ከሌላ ከተማ ባለ ትልቅ ካሜራ እናምጣ" ቢሉም ጋሽ ድንበሩ እምቢ አሉ። ከዘራቸውን ተደግፈው የውብዳር ፎቶ ቤት ድረስ በእግራቸው መጡ።

"ልጄ፣ ከእንግዲህ የምድራት ልጅ የለኝም" አሏት። "ሌላውን እንደፈቀደሽ አድርጊው። ጉልበቴን ስማ የምትመረቅባትን ሰዓት ግን አደራ፣ እሷን አንሺልኝ።"

የውብዳር "እሺ አባቴ" አለች። ሽማግሌው ገና ከበሩ ሳይርቁ ሱቋን ዘግታ ወደ ካሜራ ነጋዴው በረረች።

ትልቁ ካሜራ መስታወቱ ውስጥ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ደጅ ቆማ አይታዋለች! ነጋዴው አውጥቶ ሰጣት። ከበድ ይላል፤ እጅ ይሞላል። ቁልፉን ስትጫነው እየተከታተለ የሚተኩሰው ድምፅ ብቻውን ደስ ይላል። የውብዳር ሳቋ አመለጣት።

"ይሄን ይዤ የትርሲት ሰርግ ላይ ከገባሁ ማን ይገፋኛል?" አለች። "ሚዜው ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል!"

"መንገዱንስ ይለቁልሻል" አለ ነጋዴው፣ እሱም እየሳቀ። "ለመሆኑ የድሮው ምን ከለከለሽ?"

"እንዴ ጋሼ፣ ትንሽ ነዋ! የጀማሪ!"

"እሱማ ስሙ ነው። እኔ የጠየቅኩሽ የከለከለሽን ነው። እስቲ የተበላሹብሽን ፎቶዎች አሳዪኝ።"

የውብዳር ግራ ገባት። "የተበላሸ ማን ያስቀምጣል? እዚያው ነው የማጠፋው። ሰው እንዲያይብኝ ነው?"

"እንግዲያው እስከ ሰርጉ የሚበላሽብሽን ሁሉ አታጥፊ። እሱን ይዘሽልኝ ነይና እንነጋገራለን።"

"ሌላ ነጋዴ ቢሆን ይሄኔ አሽጎ ሰጥቶኝ ነበር" እያለች አጉረምርማ ወጣች። ቢሆንም እንዳላት አደረገች። ክርስትና አነሳች፤ የተማሪዎች ምርቃት አነሳች፤ የሰፈር ሰርግም አነሳች። ፎቶ በተበላሸ ቁጥር ጣቷ በልማድ ወደ ማጥፊያው ቁልፍ ይሄዳል፤ እሷም ትመልሰዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተበላሹትን ብቻ ኮምፒውተሯ ላይ ከፍታ ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። መጀመሪያ አፈረች። አንዱ ደብዝዟል፣ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ የማን ፊት እንደሆነ እንኳ አይለይም። ትንሽ ቆይታ ግን ጠጋ ብላ ማየት ጀመረች። ከደጅ የተነሳ አንድም የለም! ሁሉም የቤት ውስጥ ናቸው። እዚያው ቤት ውስጥም ቢሆን ምግብ ሲበላ፣ ሲጨፈር የተነሱት ደህና ናቸው። የተበላሹት፣ ሰው ሁሉ ሊያየው የሚጓጓለት ሰዓት ሲደርስ የተነሱት ብቻ ናቸው። ሕፃኑ ሲመረቅ። ቀለበት ሲደረግ። ጉልበት ሲሳም። በየፎቶው ጀርባ ደግሞ በሩ ይታያል፤ በሩም በሰው ጢም ብሏል።

የውብዳር ከወንበሯ ብድግ አለች። ገባት! ቤቱ ብርሃን የሚያገኘው ከበሩና ከመስኮቱ ነው። ጉልበት ስሞሹ ሲጀመር ግን ዘመዱም ጎረቤቱም ሚዜውም "እንይ፣ እንይ" እያለ በሩን ይሞላል፤ መስኮቱንም ይጋርዳል። ከቀኑ ሁሉ የሚፈለገው ሰዓት ሲመጣ ቤቱን የሚያጨልሙት ሊያዩ የመጡት ራሳቸው ናቸው።

ካሜራዋን ይዛ እየሮጠች ነጋዴው ጋ ደረሰች። ትንፋሿ ሳይመለስ ዓይኗ መስታወቱ ላይ አረፈ። ባዶ ነው። አንድ ሰውዬ ትልቁን ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፈገግ እያለ ሲወጣ በሩ ላይ ተገጫጩ።

"ወይኔ! የኔን ሸጡት?"

"ያንቺ መሆኑን ገና መች አወቅን?" አለ ነጋዴው። "እሱ የሚያነሳው የፈረስ ጉግስ ነው። የተበላሹበትን አሳየኝ፤ የድሮ ካሜራው የሚደርሰው ፈረሱ ካለፈ በኋላ ነው። የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱን ወሰደ። አንቺስ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?"

"ጨለማ!" አለች የውብዳር፣ ሳቋ እየመጣ። "ጨለማ ነው ይዤልዎት የመጣሁት ጋሼ!"

ነጋዴው ከመደርደሪያው አንድ አጭር ሌንስ አወረደ። ፊቱ ላይ ያለው መስታወት ፈጠጥ ብሎ ያያል። "ይቺን ከዚያችው ከትንሿ ካሜራሽ ላይ ግጠሚያት። አፏ ሰፊ ነው፤ ከድሮው ሌንስሽ በጣም የበለጠ ብርሃን ታስገባለች። ግን ዙም የላትም። ሩቅ ቆመሽ መሳብ ቀረ፤ የሰዎቹን ፊት ከፈለግሽ ራስሽ መጠጋት አለብሽ።"

"ትልቅ ካሜራ አምጥቼ የድሮው ዓይነት ሌንስ ብገጥምበትስ?"

"ጨለማው ጥቂት ይቀንስልሻል። ሁለቱንም አንድ ላይ የምትገዢ ከሆነ ደግሞ ምን ከፋኝ? እጨፍራለሁ!"

ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት የማይታሰብ ነው። ነጋዴው የሱቁን መብራት አጠፋ፤ መዝጊያውንም ገርበብ አደረገ። የውብዳር ሌንሱን ገጥማ ጠጋ አለችና እሱኑ አነሳችው። ፎቶውን ስታይ ጮኸች። "ኧረ ጉድ! ሽፋሽፍትዎ ሳይቀር ይቆጠራል!" ሌንሱን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ያገኘችውን ዛፍ፣ ደረጃ ሥር የተኛ ውሻ፣ የሰው በረንዳ ሁሉ ስታነሳ አመሸች።

የሰርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ገና ሲያዩዋት ጀመሩ።

"እንዴ! ያቺው ካሜራ ናት እኮ!"

"ሌንሱ ደግሞ አጠረ! ውሃ ነክቶት ነው?"

የውብዳር አብራቸው ሳቀች። ልቧ ግን በደስታም በፍርሃትም ሊወጣ ደርሷል። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ትርሲት ከጓዳ ወጣች። ወዲያው ሰው በሩን ሞላው፣ መስኮቱን ሸፈነው፣ ቤቱም ጨለመ።

"ፍላሽሽን አብሪው እንጂ!" አለ አንዱ ሚዜ።

"ዛሬ ፍላሽ የለም። ይልቅ አንዴ አሳልፈኝ ወንድሜ።"

ጣቷ ሌንሱ ላይ ዙሙን ፈለገ፤ የለም። እስከዛሬ ከሰው ጀርባ ቆማ ነበር የምትስበው። አሁን ግን በሚዜዎቹ መካከል ተሽሎክልካ የሙሽራዋ ቀሚስ ጫፍ ድረስ ሄደችና ተንበረከከች። ይህን ያህል ቀርባ አታውቅም። ትርሲት ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ጋሽ ድንበሩ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። "ልጄ፣ ቤትሽ ይሙላ። ውለጂ፣ ክበጂ" ብለው መረቋት። ፍላሽ የለምና ዓይናቸው ተገልጦ እሷን ያይ ነበር። የውብዳር ቁልፉን ተጫነችው።

ምርቃቱ እንዳለቀ ሽማግሌው በእጃቸው ጠሯት። "ወጣ?"

የካሜራውን ጀርባ አዙራ አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ ብለው አዩት።

"እንዲህ ነው እንዴ የማያት?" አሉ በመጨረሻ።

ትርሲት በትከሻቸው በኩል ዘንበል ብላ አየችው። "ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታየኝ፣ አባዬ።"

ከዚያማ ሚዜዎቹ "እስቲ እኛም እንይ! እስቲ ዞር በሉ!" እያሉ የውብዳር ላይ ተረባረቡ።

ወዳጆቼ፣ ከያዙት ወደተሻለው መሸጋገር ደስ ይላል፤ ደስ ሊለንም ይገባል። የፈረስ ጉግሱ ሰውዬ ትልቁን መግዛቱ ልክ ነበር፤ የውብዳርም በትንሿ ካሜራ ላይ ሌንስ መጨመሯ ልክ ነበር። ሁለቱም የተበላሸ ሥራቸውን ደፍረው አይተው ነው የመረጡት። እኛ ግን ያማረልንን አልበም ላይ እንለጥፋለን፤ ያፈርንበትን ሰው ሳያይብን እናጠፋለን። ከዚያ ምን እንደጎደለን ሳናውቅ የሌላውን ሰው ትልቅ ነገር እንመኛለን። ደግሞም የጎደለንን ካገኘን በኋላ እንኳ ከሩቅ ቆመን የምንስበው አይሆንም፤ ተጠግተን መንበርከክ ይጠይቃል።

እስቲ እናንተ፣ ትልቁን ከመመኘታችሁ በፊት፣ ሰው እንዳያይባችሁ ቶሎ ብላችሁ ያጠፋችሁት ምንድን ነው?