ቁርበት የተነጠፈበት ጉድጓድ

ልጄ ወለላ ገና ትንሽ ሳለች አንድ ማታ፣ «እማዬ፣ እግዚአብሔር የተሸፈነ ነገርም ያያል?» ብላ ጠየቀችኝ።

በዚያን ቀን የጎረቤታችን የእትዬ ሸዋረገድ ጫጩት ጠፍታ፣ እሳቸው ከቀትር ጀምረው በአጥሩ በኩል ድመታችንን ሲረግሙ ውለዋል። «ያቺ ሌባሽ እዚህ ግቢ ዝር ትበልና ታገኛታለች» ብለውኛል። እኔ ግን የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ እርጥብ ቢጫ የጫጩት ላባ አይቼ ነበር። ወለላም እራቷን ትታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ ከሥር ያለውን የጫማ ካርቶን በእግሯ ከልላለች። ምንም አልጠየቅኋትም። አጠገቧ ተቀምጬ ይህን ነገርኳት።

አንድ ሰው ነበረ። በድርቅ ዘመን አገሩ ሁሉ ሲራብ፣ ይህ ሰው ቤቱ ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ማሽላ ነበረው። ለጠየቀው ሁሉ ግን «ጉድጓዴ ባዶ ነው፤ እኔም እንደናንተው ነኝ» ይል ነበር። ከላይ ከላዩ እጁን እየሰደደ ሲያወጣ ከርሞ እህሉ ወደ ታች ጎደለና፣ መግባት ግድ ሆነበት።

በዚያ አገር ደግሞ ወደ እህል ጉድጓድ የሚገባው በሥርዓት ነው። ታፍኖ የከረመ እህል ትንፋሹ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጉድጓዱ ጠዋት ይከፈትና ነፋስ ሲገባበት ይውላል። ከዚያም ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚወርደው ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ሌሎቹ ጫፉን ይዘውለት ነው የሚገባው። ይህን ሰውዬውም ያውቃል። ነገር ግን ጉድጓዱ ተከፍቶ ከዋለ ሽታው መንደሩን ይዞራል፤ ገመድ የሚይዝ ሰው ከጠራም ውሸቱ ይገለጣል።

ስለዚህ አንድ ጠዋት በሩን ዘጋ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የእመቤታችን ስዕል ላይ መጋረጃውን ሳበበት።

ሚስቱ፣ «ትንሽ እንኳ ይናፈስ» አለችው።

«ሰው ይመጣል። እኔ ስገባ ክደኚውና ቁርበት አንጥፈሽ ተቀመጪበት። ስልቻውን ስሞላ በዱላዬ አንኳኳለሁ።»

ወረደ። እሷም ክዳኑን ገጥማ፣ ቁርበቱን አንጥፋ ተቀመጠችበት። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤታቸው የታመመ ልጇን አዝላ ያልተቀረቀረውን በር ገፋ አድርጋ ገባች።

«እህቴ፣ ለልጁ አጥሚት የምትሆን እፍኝ አታጪልኝም ብዬ ነው።»

«እንኳን ለሰው ለራሳችንም የለን።»

ሴትዮዋ አልተከራከረችም። ጉልበቷ ስለከዳት፣ «እንግዲያው ጥቂት ልረፍ» ብላ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ይሄኔ ከሥር ተንኳኳ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አይጥ ነው።»

«እህል በሌለበት ቤት አይጥ ምን ይሠራል?»

ሚስትየው የቁርበቱን ጠርዝ አስተካከለች። በልቧ ግን፣ «ስልቻው ሞልቶለት ነው፤ እስክትሄድ ይታገስ» አለች። እንደገና ተንኳኳ፤ ይሄኛው ደከም ያለ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ሴትዮዋ አረፍ ብላ ልጇን አስተካክላ አዘለችና፣ «ስላሳረፍሽኝ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ሚስትየው ክዳኑን አንስታ ተጣራች። የሚመልስላት አልነበረም። ጮኸች። ጩኸቷን ሰምታ ከሁሉ በፊት የደረሰችው ያችው ልጅ ያዘለችው ሴት ናት። ገመድ የያዙ ሰዎችም ወዲያው ደረሱ፤ ለካ ሁሉም ቅርብ ነበሩ። ጎትተው ሲያወጡት ግን ሰውዬው አልፏል።

በቀብሩ ዕለት ለለቀስተኛው ንፍሮ ተቀቀለ፤ ከዚያው ማሽላ። የተራበው መንደር አንገቱን ደፍቶ በላ። ያች ሴትም እያላመጠች ለልጇ አጎረሰችው። አንድም ሰው ክፉ አልተናገረም፤ ለሚስትየው የከበዳት ይኸው ነው። የስዕሉ መጋረጃ እንደተሳበ ነበር።

ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ይህንን ነው። ያ ሰው ስዕሉን ሸፈነ፣ ጉድጓዱን ከደነ፣ በላዩም ቁርበት አስነጠፈ። እግዚአብሔር ግን እዚያ ጨለማ ውስጥ ከእሱ በፊት ነበረ። ሲያንኳኳም ሰምቶታል፤ ልትረዳው እንጂ ልትጣላው ያልመጣች ያችን ጎረቤትም እዚያው አጠገቡ አስቀምጦለት ነበር። ሰውዬው መደበቅ የቻለው ጎትተው ከሚያወጡት ሰዎች ብቻ ነው። አንቺም የሸፈንሽው ነገር ካለ፣ ከእግዚአብሔር አልተሸፈነም። አንቺን ግን ያፍንሻል።

ወለላ፣ «ክዳኑ ክፍት ቢሆን ኖሮ አይሞትም ነበር?» አለች።

«አይሞትም ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ከአተነፋፈሷ አውቄአለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጌ ከፈትኩ። አልጋው ሥር አላየሁም፤ እሷንም አልጠራኋትም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ጫማዋን ከጎኔ አድርጌ፣ ወደ እትዬ ሸዋረገድ በር ፊቴን አዙሬ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ካርቶኑ ወለሉ ላይ ሲጎተት እስክሰማ ድረስ ጠበቅኋት።